ጨጓራና የደም ማነስ፤ ከማዕድ እስከ ደም ያለው መንገድ

(ለመስጊዳችን ጀማዓ የቀረበ ንግግር)



የተከበራችሁ የመስጊዳችን ኮሚቴ አባላት፣ ዑለማዎቻችን፣ አባቶችና እናቶች፣ ውድ ወንድሞችና እኅቶች፤

ኮሚቴው ስለ ጤና ጥቂት ቃል እንዳሰማ ሲጋብዘኝ በምን ጉዳይ ላይ ብናገር ይጠቅማል ብዬ አሰብኩ። ስለ ወባ ልናገር ብል የመተማ ሰው ወባን በገዛ ሰውነቱ ተምሮታል። ስለሆነም በየቤታችን ያለውን፣ ነገር ግን ቀላል እየመሰለን ችላ የምንለውን አንድ ጉዳይ መረጥኩ፤ እርሱም ጨጓራ ነው።

ወደ ጤና ተቋም ከሚመጡ ሰዎች አፍ አዘውትሬ የምሰማቸው ሁለት አቤቱታዎች አሉ። አንደኛው «ጨጓራዬን» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «አቅም አጣሁ፣ ደም አነሰኝ» የሚል ነው። ብዙዎቻችን እነዚህን ሁለቱን እንደማይተዋወቁ እንግዶች እናያቸዋለን። ለመጀመሪያው ከመድኃኒት ቤት ክኒን እንገዛለን፤ ለሁለተኛው ደግሞ «በደንብ ብላ» እንባባላለን። ዛሬ ላስረዳችሁ የምሻው ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም ሁለቱ ብዙ ጊዜ የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን ነው። ወደ አፍ የገባ ሁሉ ወደ ደም አይገባም። በመካከሉ በር አለ፤ የበሩ ጠባቂም ጨጓራ ነው።

በቅድሚያ ስለ አንድ ሰው ልንገራችሁ። ስሙንና መንደሩን አልጠራም፤ ታሪኩን እንድናገር ግን ፈቅዶልኛል። ዕድሜው ከሃምሳ ያለፈ፣ ሰሊጥና ማሽላ የሚያመርት ገበሬ ነው። ጨጓራውን ያመው ስለነበር አሲድ የሚቀንስ ክኒን እየገዛ ለስድስት ዓመት ያህል ሳያቋርጥ ውጧል። ክኒኑ ሕመሙን ስላስታገሠለት ምርመራ አልፈለገም፤ ተመርመር ያለውም ሰው አልነበረም። በመጨረሻ ወደ እኔ የመጣው ስለ ጨጓራው ሊነግረኝ አልነበረም። «ዉዱእ ሳደርግ ውኃው እግሬ ላይ መድረሱን በዓይኔ ካላየሁ አላውቅም» አለኝ። በጨለማ ለሱብሒ ሲነሣ ግድግዳ ካልያዘ እንደሚንገዳገድም ጨመረልኝ። ከጎረቤቶቹ አንዳንዱ የሰው ዓይን ነው ብሎታል፤ አንዳንዱም እርጅና ነው ብሎታል።

ሰውየው ያጣው ነገር በዓይን የማይታይ ነበር። ቫይታሚን ቢ12 ይባላል። አንድ ጎልማሳ በቀን የሚያስፈልገው 2.4 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ አንድ ማይክሮግራም ማለት የአንድ ግራም ሚሊዮንኛ እጅ ነው። ይህች ኢምንት ነገር ስትጠፋ ደም ይደክማል፣ ነርቭም ይጎዳል። ይህ ሰው ግን ሥጋም ወተትም የማያጣ ሰው ነበር። ታዲያ ከማዕዱ ያልጠፋው ከደሙ እንዴት ጠፋ? ለዚህ መልስ ለማግኘት የጨጓራን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል።

ጨጓራ ምን ይሠራል?

የሰው ልጅ የጨጓራን ሥራ በዓይኑ ለማየት የቻለው በአንድ አደጋ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1822 በሰሜን አሜሪካ በማኪናክ ደሴት አሌክሲ ሴንት ማርቲን የተባለ የፀጉራም እንስሳት ቆዳ ነጋዴዎች ሠራተኛ በአጠገቡ በተተኮሰ ጠመንጃ ሆዱ ላይ ቆሰለ። ዊሊያም ቦሞንት የተባለው የጦር ሠራዊት ሐኪም አከመው፤ ሰውየውም ዳነ። ነገር ግን ቁስሉ ሳይገጥም ወደ ጨጓራው የሚያሳይ ቀዳዳ ሆኖ ቀረ። ሐኪሙ ቁራጭ ሥጋና ዳቦ በሐር ክር እያሰረ በቀዳዳው ያስገባ፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላም እየሳበ ያይ ነበር። ያየውንም እ.ኤ.አ. በ1833 በመጽሐፍ አሳተመ። ጨጓራ ምግብን እንደ ወፍጮ የሚፈጭ ብቻ ሳይሆን ኃይለኛ አሲድ ባለበት ፈሳሽ የሚያሟሟ መሆኑ በዚህ ታወቀ።

ከማዕድንና ከቫይታሚን አንጻር ብናየው ጨጓራ ሦስት ዋና ዋና ተግባራት አሉት። አንደኛ፣ በአሲዱ አማካይነት እንደ ብረት ያሉትን ማዕድናት ከምግቡ አሟሟቶ አንጀት ሊቀበላቸው ወደሚችል ሁኔታ ያዘጋጃቸዋል። ሁለተኛ፣ ቢ12 በሥጋ፣ በዓሣ፣ በእንቁላልና በወተት ውስጥ ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ስለሚገኝ አሲዱና ፔፕሲን የተባለው ፈጪ ንጥረ ነገር ያላቅቁታል። ሦስተኛ፣ የጨጓራ ግድግዳ አንድ ልዩ ፕሮቲን ያመነጫል፤ ይህም ቢ12ን እንደ አጃቢ ይዞ እስከ ትንሹ አንጀት መጨረሻ ያደርሰዋል። አጃቢው ከሌለ ቢ12 እንደ መጣ ከሰገራ ጋር ይወጣል።

ይህ አጃቢ መኖሩ የታወቀበትም መንገድ የሚያስገርም ነው። ቀደም ባለው ጊዜ ሰውን ቀስ በቀስ አመንምኖ የሚገድል መድኃኒት ያልተገኘለት የደም ማነስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1926 ማይኖትና መርፊ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች እንዲህ ያሉ ሕመምተኞች በየዕለቱ ብዙ ጉበት ሲበሉ እንደሚድኑ አስታወቁ። ለዚህም ከዊፕል ጋር እ.ኤ.አ. በ1934 የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ። ዊሊያም ካስል የተባለው ሌላ ሐኪም ግን ጤነኛው ሰው ጉበት እየበላ ሳይኖር ለምን አይታመምም ብሎ ጠየቀ። ለሕመምተኞቹ ሥጋ ሲሰጣቸው አልዳኑም። ያው ሥጋ በጤነኛ ሰው ጨጓራ ውስጥ ቆይቶ ከወጣ በኋላ በቱቦ ሲሰጣቸው ግን ደማቸው ታደሰ። የጎደለው ነገር ያለው በሕመምተኛው ጨጓራ ውስጥ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1929 ባሳተመው ጽሑፍ አስረዳ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1948 ቢ12 ራሱ ተነጥሎ ተገኘ።

ብረት በማዕዳችንና በደማችን

የብረት ማዕድን ጉዳይ ለእኛ አገር የተለየ ትምህርት አለው። ጤፋችን በአውድማ ላይ በበሬ ስለሚወቃ አፈር ይቀላቀልበታል። በጤፍ ውስጥ ተለክቶ ከሚገኘው ብረት ውስጥ ጉልህ ድርሻ ያለው ከዚሁ አፈር የሚመጣ ነው። በወረቀት ሲሰላ ብረት የተትረፈረፈልን ሕዝብ ያስመስለናል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 24 በመቶው፣ ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 59 ወር ከሆኑት ሕፃናት ደግሞ 57 በመቶው የደም ማነስ ነበረባቸው። የደም ማነስ ሁሉ ከብረት እጥረት የመጣ ነው ማለት አይደለም። ሆኖም በሳህን ላይ ያለ ብረትና በደም ውስጥ ያለ ብረት አንድ አለመሆናቸውን ቁጥሩ ያሳያል።

በሥጋና በጉበት ውስጥ ያለው ብረት በቀላሉ ወደ ሰውነት ይገባል። በማሽላ፣ በጤፍ፣ በጥራጥሬና በጎመን ውስጥ ያለው ግን አስቸጋሪ ነው። በእህል ውስጥ ፋይቴት የሚባል ነገር ብረቱንና ዚንኩን አሥሮ ይይዛል። እናቶቻችን ሊጡን አብኩተው ሲያስቦኩት እርሾው ይህን እሥራት በከፊል ይፈታዋል፤ እንጀራ ሳይቦካ ከሚጋገር ቂጣ የሚሻልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የጨጓራ አሲድም ብረቱን ያሟሟዋል። የሎሚ፣ የቲማቲምና የቃሪያ ቫይታሚን ሲ ደግሞ አንጀት ወደሚወደው መልክ ይለውጠዋል። ሻይና ቡና በተቃራኒው ብረቱን መልሰው ያሥሩታል።

ከዚህ ላይ ስለ ሰሊጥ ሳልናገር ባልፍ ታሪካችንን መዝለል ይሆንብኛል። ከገንዳ ውኃ እስከ ኮኪትና ሽንፋ፣ እስከ ቋራም ድረስ ሰሊጥ የምዕራብ ጎንደር ቆላ ሀብት ነው። ሰሊጥ ካልሲየምና ብረት ያለበት እህል ነው። እኛ ግን በኩንታል ሰፍረን እንሸጠውና በገንዘቡ ክኒን እንገዛለን። ከሰሊጡ ጥቂቱ ተቆልቶና ተፈጭቶ ከልጆቻችን ምግብ ጋር ቢቀላቀል ለጤናቸው ይረዳል።

ጨጓራን የሚጎዳው ምንድን ነው?

ለብዙ ዘመን ሐኪሞች የጨጓራ ቁስል የሚመጣው ከጭንቀትና ከበርበሬ ነው ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 በአውስትራሊያ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል በአሲዱ መካከል የሚኖር ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለ ባክቴሪያ አሳድገው አሳዩ። ብዙዎች አላመኗቸውም። ስለሆነም ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ታመመ፤ ጨጓራው መቆጣቱንም በምርመራ አረጋገጠ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በአገራችን በልዩ ልዩ ቦታ የተደረጉ ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ ከተመረመሩት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ይህ ባክቴሪያ ተገኝቶባቸዋል።

ባክቴሪያውን የተሸከመ ሰው ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም። በአንዳንዱ ሰው ላይ ግን ጨጓራን እያቆሰለ ደም ያፈሳል። በሌላው ደግሞ ለረጅም ዓመታት እያስቆጣ አሲድና አጃቢውን የሚያመነጩትን ዕጢዎች ያመነምናቸዋል። በመጀመሪያው መንገድ ብረት ይፈስሳል፤ በሁለተኛው መንገድ ብረትም ቢ12ም መግቢያ ያጣሉ። ክኒን እየዋጡ ደማቸው ከፍ አልል ያላቸው አንዳንድ ሰዎች ባክቴሪያው ሲታከምላቸው የብረት መጠናቸው የሚሻሻለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጠላት በገዛ እጃችን የምንገዛው ነው። በአረምና በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ወገቡን የሚያመው ሠራተኛ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን በባዶ ሆዱ እየዋጠ ይውላል። እነዚህ ማስታገሻዎች ለጥቂት ቀን በአግባቡ ሲወሰዱ ይጠቅማሉ። ሲዘወተሩ ግን የጨጓራን ግድግዳ ያቆስላሉ፤ ደምም ሳይታወቅ ጠብ ጠብ ይላል። ሰውየው ለወገቡ በዋጠው ምክንያት ደም ያጣል፤ ከዚያም ደካማ ሆንኩ ብሎ ሌላ ክኒን ይፈልጋል።

ሦስተኛው ኦሜፕራዞልንና መሰሎቹን ያለ ምርመራ ለዓመታት መዋጥ ነው። በዚህ ላይ እንዳታስቀይሙኝ አደራ እላለሁ፤ መድኃኒቱ መጥፎ አይደለም። ቁስልን ያድናል፣ ደም መፍሰስንም ይከላከላል፤ ሐኪም አስቦበት በቋሚነት የሚያዝላቸው ሰዎችም አሉ። ነገር ግን ሥራው አሲድን መቀነስ ነው። አሲድ ለረጅም ጊዜ ሲቀንስ ቢ12ና ብረት ሊጎድሉ ይችላሉ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም መድኃኒቱ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ በደም ውስጥ ያለው ማግኒዥየም ሊቀንስ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2011 አስጠንቅቋል። ማግኒዥየም በጣም ሲያንስ ጡንቻ ይኮማተራል፣ የልብ ምትም ይዛባል። ሜትፎርሚን የሚወስዱ የስኳር ሕመምተኞችም በሌላ መንገድ ቢ12 ሊያንሳቸው ስለሚችል፣ ሁለቱን መድኃኒቶች ለዓመታት ደርበው የሚውጡ ሰዎች ሐኪማቸውን ስለ ምርመራ ይጠይቁ።

ያ ሰው የደረሰበት ይኸው ነበር። ጉበታችን ቢ12ን ለዓመታት የሚበቃ ያህል ስለሚያከማች ጉድለቱ ዛሬ ተጀምሮ ነገ አይታይም። ጎተራው ቀስ እያለ ይጎድላል፤ ባለቤቱ የሚያውቀው ወለሉ ሲታይ ነው። ምልክቶቹም የእጅና የእግር መደንዘዝና መውረር፣ የምላስ መላላጥና ማቃጠል፣ ሲራመዱ መንገዳገድ፣ መርሳትና ድካም ናቸው። ሰውየው ወደ ከፍተኛ ሕክምና ተልኮ ከተመረመረ በኋላ የቢ12 መርፌ ተጀመረለት። ደሙ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ተመለሰ፤ እግሩ ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ዛሬም በበትር ነው ወደ መስጊድ የሚመጣው። ከሁለት ዓመት በፊት መጥቶ ቢሆን ኖሮ እያልኩ አስባለሁ። ዛሬ በፊታችሁ የቆምኩትም ሌላው ሰው እንዳይዘገይ ነው።

የቆላችን ልዩ ሁኔታ

ይህን ስል የደም ማነስ ሁሉ ከጨጓራ ነው እያልኩ እንዳልሆነ አደራ ተረዱልኝ። እንዲህ ብሎ መደምደም በዚህ አገር ሰው ይገድላል። ወባ የደም ሴሎችን ይሰባብራል። ሁክዎርም የተባለው የአንጀት ትል በባዶ እግር በኩል ከእርጥብ አፈር ገብቶ አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጣል። ካላ አዛርም አለ። መተማና ሑመራ በአገራችን በዚህ በሽታ ከታወቁት ቆላዎች ዋናዎቹ ናቸው። በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ ሲሆን፣ ዝንቧ በጥቁር አፈር ስንጥቅና በዛፎች አካባቢ ትኖራለች፤ በሌሊት ደጅ የሚተኛውን የቀን ሠራተኛ ታጠቃለች። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት፣ መክሳት፣ በግራ ጎን ያለው ጣፊያ ማበጥና የደም ማነስ ከታየ ሰውየው ሳይውል ሳያድር ይመርመር። ካልታከመ ገዳይ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይህን በሽታ የሚመረምርና የሚያክም ማዕከል አለው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የጨጓራ ሕመም ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ወይም ከተመላለሰ ክኒን እየገዛን ከመቀጠል ይልቅ እንመርመር። የሄሊኮባክተርን ምርመራ በሰገራ ማድረግ ይቻላል። በደም የሚደረገው ግን በሽታው ከዳነም በኋላ አለ ሊል ይችላል። ኦሜፕራዞል የሚወስድ ሰው የሰገራው ምርመራ እንዳያሳስት አስቀድሞ ለሐኪሙ ይናገር። መድኃኒቱ ከታዘዘም ሕመሙ ተሻለኝ ብሎ ማቋረጥ ባክቴሪያውን መድኃኒት እንዲለምድ ማድረግ ነው።

ሁለተኛ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ደም ያለበት ትውከት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ መክሳት ወይም የመዋጥ ችግር የታየበት ሰው በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይሂድ። የብረት ክኒን የሚወስድ ሰው ሰገራው ሊጠቁርበት ይችላል፤ ይህ አያስደነግጥም። ክኒን ሳይወስድ ከጠቆረ ግን ጨጓራው እየደማ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ ነፍሰ ጡር እኅቶቻችን ከጤና ጣቢያ የሚሰጣቸውን የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒን ከሻይ፣ ከቡና ወይም ከአንታሲድ ጋር አይውሰዱ። በውኃ ወይም በሎሚ ጭማቂ ይውሰዱት። ሆድ ካስቆጣቸው ከማቋረጥ ይልቅ ከምግብ ጋር መውሰድ ይሻላል። ማንም ሰው ደግሞ ደም አነሰኝ ብሎ ፎሊክ አሲድ ብቻ በራሱ ፈቃድ ለረጅም ጊዜ አይዋጥ፤ ችግሩ የቢ12 ከሆነ ደሙን አሻሽሎ የነርቭ ጉዳቱን ሊሸፍነው ይችላል።

አራተኛ፣ ሻይን ከምግብ እናራርቀው። በረመዳን ኢፍጣር ላይ በቴምርና በውኃ አፍጥረን፣ ምግቡን በልተን፣ ሻዩን ከአንድ ሰዓት በኋላ ብናደርገው ብረቱ ይተርፍልናል። በወጡ ላይ ሎሚ ብንጨምቅ፣ ቲማቲምና ቃሪያ ብንጨምርበትም እንዲሁ። የጨጓራ ቁስል ያለበት ሰው ስለ ጾሙ ሐኪሙንም ዓሊሙንም አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ሃይማኖታችን ለሕመምተኛ ፈቃድ ሰጥቷል። ሆድን እስኪጨነቅ አለመሙላትም ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የተማርነው ሥርዓት ነው።

አምስተኛ፣ ቢ12 ከእንስሳት ተዋጽኦ ስለሚገኝ ሥጋ ባይገኝ እንቁላል፣ ወተትና ዓሣ ከልጆቻችንና ከአረጋውያን ማዕድ አይጥፋ። ዓሣ የቆላ ሰው ምግብ አይደለም የሚል ካለ እ.ኤ.አ. በ2024 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣውን ጥናት ልንገረው። በዚሁ በሽንፋ ወንዝ ዳር የዛሬ 74,000 ዓመት ገደማ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች፣ በበጋ ወንዙ ሲደርቅ በየኩሬው የቀረውን ዓሣ እያጠመዱ ይበሉ እንደነበር ከአጥንቱ ታውቋል።

ስድስተኛ፣ እጅን ከመፀዳጃ በኋላና ከምግብ በፊት በሳሙና መታጠብ፣ ንጹሕ ውኃ መጠጣት፣ ጫማ ማድረግና በአጎበር ውስጥ መተኛት ከዚህ ሁሉ ክኒን ይቀድማሉ።

ውድ ወንድሞችና እኅቶች፤ ዛሬ ወደ ቤታችን ስንመለስ አንድ ነገር እናድርግ። በቤታችን ያለውን የመድኃኒት ከረጢት አውጥተን እንየው። ለጨጓራ ተብሎ ከዓመት በላይ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚዋጥ ካለ፣ ክኒኑን ይዘን ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድና «ይህን ለምን እወስዳለሁ? እስከ መቼስ?» ብለን እንጠይቅ። ከአባቶቻችን መካከል እግሩ የደነዘዘ፣ በጨለማ የሚንገዳገድ ካለ እርጅና ነው ብለን አናሰናብተው። ዉዱእ ሲያደርግ ውኃው ይሰማህ ወይ ብለን እንጠይቀው። መልሱ አይሰማኝም ከሆነ ሳናዘገይ ይዘነው እንሂድ።

አላህ (ሱ.ወ) ለሕመምተኞቻችን ሽፋ ያውርድልን፤ ሰውነታችንን እንደ አደራ የምንጠብቅ ያድርገን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።